ኒኮላ ቴስላ፦ ያለ ሽቦ ኃይል ለመላክ የደከመው ሰው



በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው ሰው ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ አይደለም። ኤሌክትሪካል የምታጠኑ የማግኔቲክ ፊልድ መለኪያው በስሙ «ቴስላ» እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሌሎቻችን ደግሞ ምስሉን በስልካችን አይተናል፤ ከበላዩ መብረቅ እየተምዘገዘገ እርሱ ተረጋግቶ ተቀምጧል። ስለዚህ ፎቶ በኋላ የምንለው አለን።

ኒኮላ ቴስላ በ1856 እ.ኤ.አ. ዛሬ ክሮኤሺያ በምትባለው አገር፣ ስሚልያን በተባለች መንደር ከሰርብ ቤተሰብ ተወለደ። በ1884 ኒውዮርክ ገብቶ ለጥቂት ወራት በኤዲሰን ድርጅት ሠራ። ዝናና ገንዘብ ያስገኘለት ግን በኤሲ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ሞተሩ ነው። ይህ በክፍል የተማርነው ስለሆነ እንለፈው።

ልቡን የወሰደው ሌላ ሐሳብ ነበር፦ ኤሌክትሪክ የግድ በሽቦ መሄድ አለበት? በ1891 በስሙ የሚጠራውን የቴስላ ኮይል ሠራ። ሁለት ጥቅል ሽቦዎች ሳይነካኩ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ይቃኛሉ። ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅን በትክክለኛው ቅጽበት በትንሽ በትንሹ ብንገፋው ከፍ እያለ እንደሚሄድ ሁሉ፣ በሁለተኛው ጥቅል ላይ ያለው ቮልቴጅም እየናረ ይሄዳል። በዚያው ዓመት በኮሎምቢያ ኮሌጅ ባቀረበው ትምህርት፣ ምንም ሽቦ ያልተገናኘባቸውን የመስታወት ቱቦዎች በእጁ ይዞ አበራ። በ1893 ደግሞ መልእክትን፣ ምናልባትም ኃይልን፣ በምድር በኩል መላክ እንደሚቻል በአደባባይ አስረዳ። ማርኮኒ ያኔ ገና ሀያ ዓመት አልሞላውም ነበር።

በመጋቢት 1895 ላቦራቶሪው ተቃጠለ። የዓመታት ሥራው፣ መሣሪያውም ማስታወሻውም፣ በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። እንደገና ከዜሮ ጀምሮ በ1898 ያለ ሽቦ ከሩቅ የሚታዘዝ ትንሽ ጀልባ ለሕዝብ አሳየ።

በ1899 ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ወደምትለው ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሄደ። በዚያ 15 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥቅል ሠርቶ ብዙ ሜትር የሚረዝም ሰው ሠራሽ መብረቅ አመነጨ። ፎቶው የዚያን ጊዜ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ፊልም ላይ ሁለት ጊዜ የተነሳ ነው። መብረቁ ሲወረወር ቴስላ ወንበሩ ላይ አልነበረም። ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት አምፖሎች አበራ የሚባለውም እንዲሁ የተጋነነ ነው፤ በማስታወሻው የሰፈረው ከላቦራቶሪው ብዙ ሳይርቅ ጥቂት አምፖሎችን ማብራቱ ነው። እርሱ ግን ምድር እንደ ደወል እንደምትርገበገብ፣ ከአንድ ቦታ ብትመታ ኃይሉ በሁሉም ቦታ እንደሚገኝ አምኖ ተመለሰ።

በ1901 ባለሀብቱ ጄ. ፒ. ሞርጋን 150,000 ዶላር ሰጠው፤ ዓላማው ከአትላንቲክ ማዶ መልእክት ለመላክ ነበር። በሎንግ አይላንድ፣ ሾርሃም በተባለ ቦታ 57 ሜትር የሚረዝም ማማ መገንባት ተጀመረ። በታኅሣሥ 1901 ግን ማርኮኒ በጣም ርካሽ በሆነ መሣሪያ ከእንግሊዝ ወደ ኒውፋውንድላንድ ምልክት መላኩን አስታወቀ።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ለመልእክት ተቀባዩ ጋ እጅግ ጥቂት ኃይል ቢደርስ ይበቃል፤ ቀሪው ቢባክን ግድ የለም። ለመብራት ግን ከተላከው አብዛኛው መድረስ አለበት። ምድርም ቴስላ እንዳሰበው ኃይሉን ሰብስባ አትይዝለትም፤ በየአቅጣጫው ይበተናል፣ ወደ ሙቀትም ይለወጣል። ማርኮኒ ትንሹን መርጦ ጨረሰ፤ ቴስላ ሁለቱንም ፈለገ። በ1903 ኃይል የመላክ እቅዱን ለሞርጋን ጽፎ ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠይቅ ባለሀብቱ እምቢ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ በሞርጋን ቦታ ብንሆን እኛም የምንሰጥ አይመስለንም።

ማማው በ1917 ፈረሰ። ቴስላም በጥር 1943 ኒውዮርክ ውስጥ በሆቴል ክፍሉ ብቻውን ሞተ። ከወራት በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማርኮኒን አንድ ዋና የሬዲዮ ፓተንት ሻረ፤ ከእርሱ ከቀደሙት መካከል የቴስላ ሥራም ተጠቅሷል። ዛሬ ስልካችንን ቻርጀር ላይ አስቀምጠን ያለ ሽቦ ስንሞላ የሚሠሩት ሁለት ጥቅል ሽቦዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።

በሾርሃም ያለው የቀይ ጡብ ላቦራቶሪው አልፈረሰም። በ2013 ከብዙ አገሮች በተዋጣ ገንዘብ ሙዚየም እንዲሆን ተገዝቷል።