የአርባዎቹ ልጆች መምህር

ዛሬ በታዋቂ ሰዎች ታሪክ አምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት የአንድ ሙዚቃ መምህር ታሪክ ነው። ስማቸው ለአፍ ትንሽ ይከብዳል። ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባላሉ። በንጉሡ ዘመን የነበረውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው። የተወለዱት ግን ኢትዮጵያ አይደለም።

ኬቮርክ ናልባንዲያን አርመናዊ ናቸው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1887 አይንታብ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ከተማዋ ዛሬ ያለችው ቱርክ ውስጥ ነው። ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ አገር በአርመኖች ላይ ከባድ እልቂት ደረሰ። ብዙ ሰው ተገደለ፣ የተረፈው ተሰደደ። እናትና አባታቸው የሞቱባቸው ልጆችም በየአገሩ ተበተኑ። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመኖች ገዳም ተጠልለው ይኖሩ ነበር።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ (በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት) ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ኢየሩሳሌም ጎራ አሉ። እዚያም ልጆቹን አገኟቸው፣ በጣምም ወደዷቸው። ከአርመን ፓትርያርክ ዘንድ ፈቃድ ጠይቀው አርባውን ልጆች እንደ ልጅ ሊያሳድጓቸው ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። ልጆቹ አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም እንቁጣጣሽ አምስት ቀን ሲቀረው። ከዚያ በኋላ ስማቸው አርባ ልጆች ሆኖ ቀረ። አርባ ልጅ ማለት እኮ አንድ ክፍል ማለት ነው! የእኛ ክፍል እንኳን ከዚያ ይበልጣል። እስቲ አስቡት፤ አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ፣ ሁሉም ወላጅ የሌለው፣ ቋንቋውን ወደማያውቀው አገር ሲገባ። እኛ ከመና ተነስተን በሀረና ጫካ አልፈን ሳነቴ ላይ ስንወጣ ብርዱ ያንቀጠቅጠናል፣ ግን ማታ ወይም ነገ ወደ ቤታችን እንመለሳለን። እነሱ የሚመለሱበት ቤት አልነበራቸውም።

የልጆቹ መምህርና የባንዱ መሪ ሆነው የሠሩት ናልባንዲያን ነበሩ። ባንዱ በአገራችን የመጀመሪያው የመንግሥት ኦርኬስትራ ይባላል። እርግጥ ከዚያም በፊት የነሐስ መሣሪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ነበረ። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ንጉሥ ለአፄ ምኒልክ ልከውላቸው ነበር። ያም ሆኖ በደንብ ተደራጅቶ የመንግሥት ባንድ የሆነው የአርባ ልጆች ነው።

እዚህ ላይ ኦርኬስትራ ምን እንደሆነ ለማያውቁ ልንገራቸው። እኛ አካባቢ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ብቻውን ይጫወታል፣ ብቻውን ይዘፍናል፣ ሲፈልግ ያስረዝማል፣ ሲፈልግ ያሳጥራል። በኦርኬስትራ ግን እንደዚያ አይቻልም። አንዱ ትራምፔት፣ አንዱ ትሮምቦን፣ ሌላው ከበሮ ይይዛል። የእያንዳንዱ ድርሻ በኖታ ተጽፎ ይሰጠዋል። የአንዱ ድርሻ ብቻውን ቢሰማ ዜማው ላይገባን ይችላል፤ አንድ ላይ ሲሆን ነው የሚያምረው። ከፊት ቆሞ በእጁ የሚመራው ሰው ማን መቼ እንደሚገባ ያሳያል። ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሲሆን ደግሞ እንደ ቫዮሊንና ቼሎ ያሉ ባለ ክር መሣሪያዎች ይበዙበታል። የአርባ ልጆች ግን በትንፋሽ የሚነፋ የነሐስ ባንድ ነበር።

ናልባንዲያን ለራስ ተፈሪ ማርሽ ተፈሪ የሚባለውን ዜማ ደረሱ። ግጥሙን የጻፉት ታዋቂው ደራሲ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ራስ ተፈሪ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲነግሡ ይህ መዝሙር የአገሪቱ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ። እስከ ንጉሡ ዘመን ማብቂያም አገለገለ። አገር አልባ የሆኑ ሰው ለሌላ አገር መዝሙር መሥራታቸው እኔን በጣም ይገርመኛል። አያቴ ዜማውን እስከ ዛሬ ያንጎራጉሩታል። ማን እንደደረሰው ስጠይቃቸው ግን ንጉሡ ራሳቸው ያወጡት ነበር የመሰላቸው። እናንተም ቤታችሁ ያሉትን አዛውንቶች ጠይቁ፣ የሚያስታውሱት አይጠፉም። አሁን እኛ ጠዋት ጠዋት የምንዘምረው ሌላ ነው፤ የእሱን ዜማ የደረሱት ሰለሞን ሉሉ ናቸው።

የአርባ ልጆች ባንድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተበተነ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ወደ ሌላ አገር ሄዱ። ናልባንዲያን ግን እዚሁ ቀሩ። ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አስተማሩ፣ ለቴአትርም ሙዚቃ ሠሩ። በኋላ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እሳቸው ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በምንለው ቤት ኦርኬስትራውን መሩ፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም አስተማሩ። በዚያ ጊዜ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከነሐሱ አልፈው ቫዮሊን ሁሉ ይጫወቱ ነበር። ያ ሁሉ በአርባ ልጆች ብቻ መጣ ማለቴ አይደለም፣ ሌሎች የውጭ አገር መምህራንም ነበሩ። ግን ቀድመው የጀመሩት እነሱ ናቸው።

ኬቮርክ ናልባንዲያን በ1950ዎቹ አጋማሽ አረፉ። እሳቸው ካረፉ በኋላም ዜማቸው አሥር ዓመት ያህል በየትምህርት ቤቱ ባንዲራ ሲሰቀል ይሰማ ነበር።