ወንጌልና መድፍ፤ የቴዎፍሎስ ዋልድማየር ሕይወት

ቴዎፍሎስ ዋልድማየር እ.ኤ.አ. በ1832 በስዊዘርላንድ ተወለደ። በባዝል አጠገብ ያለው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የሚያሠለጥናቸውን ወጣቶች የእጅ ሙያ እየሠሩ ወንጌልን እንዲያስተምሩ ወደ ሩቅ አገር ይልክ ነበርና፣ እርሱም ይህን ጥሪ ተቀብሎ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የጆን ቤልን ልጅ አግብቶም በደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ተቀመጠ።

ዐፄ ቴዎድሮስ ግን ከስብከቱ ይልቅ የእጅ ሙያውን ፈለጉ፤ ከእርሱና ከባልደረቦቹም መድፍ ጠየቁ። ሰዎቹ ሙያው እንደሌላቸው ቢያስረዱም ንጉሡ ስለ ጸኑባቸው፣ በሙከራ ብዛት ነሐስ ማቅለጥን ተማሩ። የድካማቸው ፍጻሜም ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ሆነ። የሰላምን ቃል ሊያስተምር የመጣ ሰው የጦር መሣሪያ ሠሪ ሆኖ ተገኘ፤ ጥሪው ካስከፈለው ዋጋ ሁሉ የከበደውም ይኸው ነው። በመጨረሻ ነጻነቱን ተነፍጎ ወደ መቅደላ ተወሰደ፤ የተለቀቀውም ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ባረፉበት ሰሞን ነው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሊባኖስ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ። የአእምሮ ሕሙማን በሰንሰለት ሲታሰሩ አይቶ ዝም ማለት ስላልቻለም፣ በስተርጅናው ከአገር አገር እየዞረ ገንዘብ ለመነ። እ.ኤ.አ. በ1900 በቤይሩት አጠገብ በአስፉሪያ የተከፈተው ሆስፒታል የማንኛውንም ሃይማኖት ተከታይ ሳይለይ ያስተናግድ ነበር፤ እስከ 1982ም አገልግሏል። ዋልድማየር እ.ኤ.አ. በ1915 ዐረፈ።

እጁ የሠራው መድፍ ስሙን በታሪክ አስጠርቶታል። የጥሪው ዋጋ የሚመዘነው ግን ሰንሰለታቸው በተፈታላቸው ሕሙማን ነው። ባለሙያም ሥራው ምን ያህል እንደ ረቀቀ ብቻ ሳይሆን ለማን እንደ ዋለም ይጠየቃል።