የአሥር ሳንቲሟ ባለአደራ

የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ታሪክ ሲነሳ ጀርመናዊው የገጠር ከንቲባ ራይፋይዘን ይጠቀሳሉ፤ ከእርሳቸው ቀጥሎ ካናዳዊው አልፎንስ ዴዣርዳን ይመጣሉ። የአልፎንስ ባለቤት ወይዘሮ ዶሪሜን ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋሉ። ማኅበሩ የሕግ ሰውነት ባልነበረው፣ ኪሳራ ቢመጣ የቤተሰቡ ጥሪት ለዕዳ ሊውል በሚችልበት ዘመን ግን ካዝናውንም መዝገቡንም ይዘው የቆዩት እርሳቸው ናቸው።

ዶሪሜን የተወለዱት እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 1858 በኩቤክ ግዛት፣ ሶሬል በምትባል ከተማ ነው። ያደጉት በሌቪ ከተማ በዘመድ ቤት ሲሆን በ1879 ጋዜጠኛውን አልፎንስን አግብተው 10 ልጆች ወልደዋል። ባለቤታቸው ከ1892 ጀምሮ በዋና ከተማዋ በኦታዋ፣ በአገሪቱ ምክር ቤት የሚደረገውን የፈረንሳይኛ ክርክር የሚመዘግቡ ሠራተኛ ሆኑ። ምክር ቤቱ በተከፈተ ቁጥር ለወራት ከቤታቸው ይርቃሉ።

ነገሩ የተጀመረውም ከዚሁ ምክር ቤት ነው። በኤፕሪል 1897 ማይክል ክዊን የተባሉ የምክር ቤት አባል ስለ አራጣ ሲናገሩ፣ 150 ዶላር የተበደረ ሰው 5 ሺህ ዶላር ወለድ እንዲከፍል መፈረዱን አነሱ። አልፎንስ ይህን እየመዘገቡ ነበር። በክረምት ለዘርና ለማዳበሪያ ተበድሮ ምርቱን ገና ከአውድማ ሳያነሳ ለአበዳሪው የሚሰፍር ገበሬ፣ ካሉም ይኑር ደሴ ዙሪያ፣ ነገሩ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሦስት ዓመት ጥናትና ደብዳቤ መጻጻፍ በኋላ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 1900 ከመቶ በላይ የሌቪ ነዋሪዎች ተሰብስበው የሕዝብ ካዝና የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጡትን ማኅበር መሠረቱ። አንድ ዕጣ 5 ዶላር ነበር። ይህን በአንድ ጊዜ መክፈል የማይችል በሳምንት 10 ሳንቲም እያዋጣ በ50 ሳምንት ይጨርሳል። ጃንዋሪ 23 ቀን 1901 ገንዘብ መቀበል ሲጀመር የመጀመሪያው ተቀማጭ 10 ሳንቲም ሲሆን፣ በዕለቱ በአጠቃላይ የተሰበሰበው 26 ዶላር ከ40 ሳንቲም ነበር።

አሠራሩ ከእቁባችን ጋር ይቀራረባል፤ የሚለየው ዕጣ የሚወጣለት ባለተራ አለመኖሩ ነው። ገንዘቡ በካዝናው ይቆይና ብድር የሚጠይቅ አባል ገንዘቡን ለምን እንደፈለገው፣ ጠባዩስ እንዴት እንደሆነ በኮሚቴ ይመረመራል። ማኅበሩ በአንድ አጥቢያ የተወሰነውም ለዚህ ነበር። የጎረቤቱን አመል የሚያውቀው ጎረቤቱ ነውና። በወሎ ይህ ምርመራ ሌላም ጥያቄ አለው። ወለድን በሃይማኖቱ የማይቀበለው አባል ብዙ በመሆኑ፣ የሌቪን አሠራር እንዳለ ገልብጦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መትከል አይቻልም።

አልፎንስ ኦታዋ በሚሆኑበት ጊዜ ከ1903 እስከ 1906 ድረስ ማኅበሩን በሥራ አስኪያጅነት የመሩት ወይዘሮ ዶሪሜን ናቸው። ቢሮው የመኖሪያ ቤታቸው ነበር። ልጅ እያሳደጉ ተቀማጭ ይቀበላሉ፣ ብድር ይከፍላሉ፣ ሒሳብ ይዘጋሉ። የሚገርመው በዘመኑ የኩቤክ ሕግ ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ ውል መፈረም አትችልም ነበር። እኛም ከዚህ ሩቅ አልነበርንም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የቤተሰብ አለቅነትን ለባል የሰጠ ነበር። ዛሬ በክልላችን የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ይሰፍራል። በቁጠባ ደብተሩ ላይስ የማን ስም እንዳለ፣ አንባቢ ወደ ማኅበሩ ጎራ ባለ ጊዜ ቢመለከተው አይከፋም።

ተቀማጩ ወደ አሥር ሺዎች ዶላር ሲያድግ የወይዘሮዋም ጭንቀት አደገ። ማኅበሩ በሕግ አልተመዘገበም። አንድ ክፉ ቀን ቢመጣ የሌቪ ድሃ ያጠራቀመውን የሚጠየቁት መሥራቾቹ ራሳቸው ናቸው፤ የልጆቻቸው ቤትም ከዚያ አያመልጥም። ይህን አደጋ ከማንም በፊት በግልጽ ያዩት መዝገቡን በየዕለቱ የሚገልጡት ወይዘሮ ዶሪሜን ነበሩ። ባለቤታቸው ሕግ እንዲያስወጡ የገፋፋቸውም ይኸው የቤት ውስጥ ስጋት ነው። የኩቤክ ምክር ቤት ማርች 9 ቀን 1906 የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሕግ አጸደቀ፤ ማኅበሩም የራሱ ሰውነት አገኘ። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚመዘገብ ማኅበር ይህን ጥበቃ የሚያገኘው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው። ምዝገባ በቢሮ የሚጠየቅ ወረቀት ብቻ የሚመስለው ካለ፣ የሌቪዎቹን አምስት ዓመት ያስብ።

በአገር አቀፍ ደረጃ ግን ነገሩ አልሰመረም። በ1908 ረቂቁ በኦታዋ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት አለፈ፤ በሴኔቱ ግን በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። በዚያው ዓመት አልፎንስ ድንበር ተሻግረው በአሜሪካ ማንቸስተር ከተማ ለሚኖሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሠራተኞች ማኅበር አቋቋሙ። በአሜሪካ የመጀመሪያው የቁጠባና ብድር ማኅበር ይኸው ነው።

አልፎንስ በሕመም ምክንያት በ1917 ከምክር ቤት ሥራቸው ከተሰናበቱ በኋላ ከየአጥቢያው የሚጎርፈው ደብዳቤ መልስ የሚያገኘው ከቤት ነበር፤ ወይዘሮ ዶሪሜንና ልጃቸው አልበርቲን ያግዟቸዋል። ኦክቶበር 31 ቀን 1920 አልፎንስ ሲያርፉ ማኅበራቱ ከመቶ በላይ ደርሰዋል። መሥራቹ ሳይኖር እያንዳንዱ ለብቻው ይቁም ወይስ በዩኒየን ይሰባሰብ የሚለው ክርክር ያን ጊዜ ተነሳ። ወይዘሮ ዶሪሜን መሰባሰቡን ደገፉ። የጋራ የሒሳብ ምርመራ የሌለው ማኅበር እስከ ምን እንደሚደርስ የሚያውቁ ሰው ስለነበሩ ምክራቸው ይፈለግ ነበር። የኩቤክ አካባቢ ዩኒየን በ1923 የክብር አባል አድርጎ ተቀብሏቸዋል።

ጁን 14 ቀን 1932 በ73 ዓመታቸው በሌቪ አረፉ። የአካባቢ ዩኒየኖቹን በአንድ የሚያሰባስበው ፌዴሬሽን የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው። የኩቤክ ሴቶች በግዛታቸው ምርጫ የመምረጥ መብት ያገኙት ግን በ1940 ነበር። ያገባች ሴት ያለ ባሏ ፈቃድ እንድትፈርም ሕጉ የተሻሻለው ደግሞ በ1964 ነው። በዚያው 1964 አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች የአገራችንን የመጀመሪያ የቁጠባና ብድር ማኅበር አቋቋሙ።