የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወትና የመንገድ አደጋ ጉዳት

ሻምበል አበበ ቢቂላ በሮምና በቶኪዮ ባገኛቸው 2 የማራቶን ድሎች በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ሲታወስ ይኖራል። የሕይወቱ የመጨረሻዎቹ 4 ዓመታት ከ7 ወራት ግን እንደ ድሎቹ አይነገሩም። እነዚህ ዓመታት በአንድ ምሽት የመኪና አደጋ ተጀምረው በአንጎል ውስጥ በደረሰ የደም መፍሰስ ተደምድመዋል። በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በጭሮ፣ በሂርናና በሌሎች የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ለሚኖሩና ተራራማውን መንገድ ዘወትር ለሚመላለሱበት ዜጎች ይህ የታሪኩ ክፍል ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። በራስና በአከርካሪ ላይ የሚደርስ ጉዳት በአደጋው ቅጽበት አያበቃም፤ የተጎጂው ዕጣ ከአደጋው በኋላ ባሉት ሰዓታትና ዓመታት በሚደረግለት እንክብካቤም ይወሰናል።

ልደትና ድል

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በመንዲዳ አካባቢ በምትገኘው ጃቶ መንደር ተወለደ። በወጣትነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ሠራዊት ተቀጠረ። የሩጫ ችሎታው የታየውም በዚያው ሲሆን፣ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ለታላላቅ ውድድሮች አበቃው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ።

ይህ ድል በተገኘ በ8ኛው ቀን በዚያችው በሮም ከተማ ሌላ ውድድር ተከፈተ። ተወዳዳሪዎቹ በኅብለ ሰረሰር ጉዳት ምክንያት በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ስፖርተኞች ነበሩ። ይህ ውድድር ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ ይታወቃል። አበበ ከ10 ዓመት በኋላ ከእነዚህ ስፖርተኞች ጋር እንደሚሰለፍ ያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት 5 ሳምንት በኋላ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ እንደገና አሸነፈ። በኦሊምፒክ ታሪክ ማራቶንን 2 ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ ለ3ኛ ድል ተሰልፎ በእግሩ ጉዳት ምክንያት 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ወርቁን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ አገኘ።

የአደጋው ምሽት

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ምሽት አበበ የሚያሽከረክራት ቮልስዋገን መኪና ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በሸኖ አካባቢ ተገለበጠች። አበበ በመኪናዋ ውስጥ ተይዞ አደረ፤ የወጣውም በማግስቱ ጠዋት ነው። ወዲያው ወደ ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ተወሰደ። አንገቱ ክፉኛ ስለተጎዳ እጆቹንም እግሮቹንም ማንቀሳቀስ ተሳነው።

ኅብለ ሰረሰር ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚወርድ የነርቭ መስመር ነው። ከአንጎል ወደ እጅና እግር የሚሄደው ትእዛዝ፣ ከሰውነት ወደ አንጎል የሚመለሰውም ስሜት በእርሱ በኩል ያልፋል። ጉዳቱ ወገብ አካባቢ ሲሆን እግር ይሰንፋል፤ አንገት ላይ ሲሆን ደግሞ እጅም አብሮ ይሰንፋል፣ መተንፈስም ሊያዳግት ይችላል። አንገትን የሚሰብር ኃይል ብዙ ጊዜ አንጎልንም ያናውጣል። ስለዚህ ሐኪሞች ራሱን የተመታን ሰው ተመርምሮ እስኪጣራ ድረስ አንገቱም እንደተጎዳ አድርገው ይይዙታል።

በስቶክ ማንደቪል

አደጋው በደረሰ በ7ኛው ቀን፣ መጋቢት 20፣ አበበ በእንግሊዝ አገር ወደሚገኘው ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተዛወረ። በዚህ ሆስፒታል በ1936 ዓ.ም. በዶክተር ሉድዊግ ጉትማን መሪነት ለኅብለ ሰረሰር ጉዳት ልዩ ማዕከል ተከፍቶ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ረጅም ዕድሜ አልነበራቸውም። ለሞት የሚያበቃቸውም ብዙ ጊዜ የአልጋ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር።

የማዕከሉ አሠራር ቀላል የሚመስሉ፣ ነገር ግን ሳይቋረጡ የሚፈጸሙ ሥራዎችን ይጠይቃል። በሽተኛው ቀንም ሌሊትም በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣል፤ የሽንት ፊኛው በንጽሕና ይያዛል፤ የቀረው ጡንቻ በእንቅስቃሴ ይጠነክራል፤ ስፖርትም የሕክምናው አካል ይሆናል። አበበ በዚያ 8 ወር ቆየ። ንግሥት ኤልሣቤጥ ጎበኙት፤ ከዓለም ዙሪያም የመልካም ምኞት ደብዳቤዎች ደረሱት። መጀመሪያ ላይ ራሱን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም ነበር፤ በሂደት ግን እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ ዳግም አልቆሙም።

ወደ ውድድር መመለስ

በሐምሌ 1962 ዓ.ም. አበበ በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በ1963 ዓ.ም. በኖርዌይ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በእንግድነት ተጋብዞ ሳለ በበረዶ ተንሸራታች እሽቅድምድም ገብቶ 1ኛ ወጣ። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ በክብር እንግድነት ሲገኝ ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለው። ተሀድሶ ሕክምና እንደ ቀድሞው ማድረግ ብቻ ማለት አይደለም፤ በቀረው አቅም መኖርን፣ መሥራትንና ከሰው ጋር መዋልን ይጨምራል።

ዕረፍት

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አበበ በአዲስ አበባ በ41 ዓመቱ አረፈ። ለሞቱ ምክንያት የሆነው ከ4 ዓመት በፊት ከደረሰበት አደጋ ጋር በተያያዘ በአንጎሉ ውስጥ የደረሰ የደም መፍሰስ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴና በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ በተገኙበት በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን በወታደራዊ ሥርዓት ተቀበረ፤ ብሔራዊ የሐዘን ቀንም ታወጀ።

የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ያለበት ሰው ቁስሉ ቢጠግም እንኳ ዕድሜ ልክ ክትትል ያስፈልገዋል። ጉዳቱ ከደረት መካከል በላይ ሲሆን እንደ ሽንት መታገት፣ የሆድ ድርቀት ወይም የአልጋ ቁስል ያለ ምክንያት የደም ግፊትን በድንገት ሊያሻቅብ ይችላል። ብርቱ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና ላብ ምልክቶቹ ናቸው። በአፋጣኝ ካልታከመ በአንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል።

ከአንድ ሰው ጉዳት ለብዙዎች የተረፈ ዕውቀት

የታወቀ ሰው ጉዳት በሚገባ ከተጠና ለብዙዎች መዳኛ ይሆናል። በግንቦት 1927 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቲ. ኢ. ሎረንስ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ራሱን ተመታና በ6ኛው ቀን ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ ሂዩ ኬርንስ ነበር። ኬርንስ ከዚያ በኋላ የሞተረኞችን የራስ ጉዳት መዝግቦ አጠና፤ የራስ ቁር ያላቸውን ጥቅም የሚያሳየው ጽሑፉም በ1934 ዓ.ም. ታተመ። የብሪታንያ ጦር በዚያው ዓመት መልእክተኛ ሞተረኞቹ የራስ ቁር እንዲያደርጉ አዘዘ። የራስ ቁር አስፈላጊነት የታወቀው ማን፣ የት፣ በምን ሁኔታ እንደተጎዳ በጥንቃቄ በመመዝገቡ ነው። ዛሬም በየሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል የአደጋው ዓይነት፣ ሰዓትና ቦታ የሚጠየቀው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ ተገልጋዮች ትክክለኛውን መረጃ መስጠት ይገባቸዋል።

ለገለምሶና ለአካባቢው ተገልጋዮች

ገለምሶን በበዴሳ በኩል ከጭሮ የሚያገናኘው መንገድ በጨርጨር ተራሮች መካከል ይጠማዘዛል። ጭሮ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። አደጋ በሚደርስበት ጊዜ የሚከተሉትን መፈጸም ያስፈልጋል።

1. ተጎጂውን ጎትቶ ማውጣት ወይም አንሥቶ ማስቀመጥ አይገባም። እሳት ወይም ሌላ ቅርብ አደጋ ካለ ግን ራሱ፣ አንገቱና ጀርባው በአንድ መስመር እንደተያዙ በብዙ ሰው እርዳታ ይነሣል።

2. መተንፈሱ ይታያል፤ የሚፈስ ደም በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይቆማል፤ ምግብም ሆነ መጠጥ አይሰጥም።

3. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ወይም በአቅራቢያ ያለው ጤና ተቋም አምቡላንስ እንዲልክ ይጠየቃል።

4. ራሱን የተመታ ሰው ደኅና ቢመስልም ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል፤ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ብቻውን አይተውም። ራስን መሳት፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ እየበረታ የሚሄድ ራስ ምታት፣ የንግግር መዘበራረቅ፣ ከመጠን ያለፈ እንቅልፍ፣ መንዘፍዘፍ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ የሚወጣ ደም ወይም ውኃ የመሰለ ፈሳሽ፣ የእጅ ወይም የእግር መስነፍ ከታየ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይባክን ወደ ሆስፒታል መድረስ አለበት።

የመጀመሪያ ሕክምና በአቅራቢያው ባለው ጤና ጣቢያ፣ እንዲሁም በገለምሶና በጭሮ ሆስፒታሎች ይሰጣል። ከዚያ በላይ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው በሐረር እንደሚገኘው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ወዳሉ ከፍተኛ ተቋማት በሪፈራል ይላካል። በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ማንኛውም ሰው ስለ 3ኛ ወገን መድን በወጣው ሕግ መሠረት አስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት አለው። ስለሆነም በገንዘብ እጥረት ምክንያት ተጎጂን በቤት ማቆየት አይገባም።

ከሆስፒታል ሲወጡ የሕክምና ካርድን፣ የሪፈራል ወረቀትንና የቀጠሮ ቀንን መጠበቅ የተጎጂውም የቤተሰቡም ኃላፊነት ነው። መቀመጥ ወይም መራመድ የተሳነው ሰው በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ፤ ቆዳው በየቀኑ ይታይ፤ የደም ግፊቱም በየቀጠሮው ይለካ። ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጽሙት የቤት ሰዎች ስለሆኑ፣ ተጎጂው ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት አሠራሩን ከነርሶች ዘንድ ቀርበው እንዲማሩ ይመከራል።