አባ መላ፦ ከምርኮኛነት እስከ ጦር ሚኒስትርነት

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1843 ዓ.ም. ገደማ በጨቦ ምድር ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ የምኒልክ ጦር በአካባቢው ባደረገው ዘመቻ ተማርከው ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። በዚያም በአገልጋይነት አድገው በብልሃታቸው ታወቁ፤ አባ መላ የተባሉትም ስለዚሁ ነው።

ፊታውራሪ ገበየሁ በዐድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ሲወድቁ ማዕረጋቸውን የወረሱት ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ከዚያም ጦር እየመሩ ቦረናን በምኒልክ ግዛት ሥር አስገቡ። ከቦረና ሌላ ጅባትና ሜጫንም አስተዳድረዋል። ይህም ዛሬ አምቦ፣ ጌዶና እጃጂ የሚገኙበት አካባቢ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም በዚሁ ሥልጣን ቆዩ። ንጉሠ ነገሥቱ ታመው ሳለ በመጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱን ከመንግሥት ሥራ ካገለሉት የሸዋ መኳንንት አንዱ ነበሩ።

ከሁሉ የከፋው ፈተና የመጣው በ1909 ዓ.ም. ነው። ልጅ ኢያሱ በመስከረም 17 ቀን ከሥልጣን ሲወርዱ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ብዙ ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። ራስ ልዑልሰገድ በቶራ መስክ ተዋግተው ከነሠራዊታቸው ወደቁ። አዲስ አበባ ትያዛለች ተብሎ በተሰጋበት ሰዓት ሀብተ ጊዮርጊስ ጦሩ እስኪሰበሰብ ጊዜ ገዙ። በጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ በተደረገው ውጊያም ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ።

ያን ዕለት የአገሪቱ ዋነኛ ጦር በእጃቸው ነበር። ሆኖም ዘውድ አልተመኙም፤ ንግሥት ዘውዲቱን በዙፋኑ፣ ራስ ተፈሪን በአልጋ ወራሽነት አጸኑ። በ1910 ዓ.ም. መሀል ሰፋሪ ሚኒስትሮች ሁሉ ይነሡ ብሎ ሲያምፅ እሳቸውን ብቻ አስቀርቷል። ወታደሩ ምን ያህል ያምናቸው እንደነበር ከዚህ ይታወቃል። በመሬት ክርክር ዳኝነታቸውም ስማቸው በሕዝብ ዘንድ እስከ ዛሬ ይነሣል።

ይሁን እንጂ የዘመኑ ሥርዓት ለአራሹ የተመቸ አልነበረም። በእሳቸውም ሆነ በሌሎች መኳንንት ግዛት ገበሬው ገባር ነበር፤ ከምርቱ ይገብራል፣ በጉልበቱም ለሹሙ ይሠራል። ዳኛው አስተዋይ ሲሆን የአንድ ገበሬ ክርክር በፍትሕ ያልቅ ይሆናል፤ የገባርነቱ ሸክም ግን እንዳለ ይቀራል። የመሬት ይዞታው ሥርዓት ከመሠረቱ የተለወጠው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው ዐዋጅ ነው።

ሀብተ ጊዮርጊስ ለውጥን በጥርጣሬ የሚያዩ የድሮው ወገን አለኝታ ነበሩ። በኅዳር 1919 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስ ሲያርፉ፣ እሳቸውም ቀናት ሳይቆዩ በታኅሣሥ ወር መጀመሪያ ሞቱ። ራስ ተፈሪም ሳይውሉ ሳያድሩ ሠራዊታቸውንና መሣሪያቸውን ተረከቡ። ተፈሪን ሊገዳደር የሚችለው ትልቁ ኃይል በዚህ አበቃ፤ ከአራት ዓመት በኋላም ዘውዱን ጫኑ።

የጨቦው ምርኮኛ ስም ዛሬም ከገበሬው መንገድ አልራቀም። ወደ መርካቶ የሚያልፍ ሁሉ በስማቸው የተጠራውን የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይን ያውቃል።