የአናሲሞስ ነሲብ ሥራ

አናሲሞስ ነሲብ የተወለደው በኢሉባቦር በሁሩሙ አጠገብ ነው፡፡ ወላጆቹ ሂካ ብለው ስም አወጡለት፤ ትርጓሜውም በኦሮሞ ቋንቋ አስተርጓሚ ማለት ነው፡፡ የ4 ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ፡፡ ኋላም ባሪያ ፈንጋዮች ሰርቀው ሸጡት፤ ከአንዱም ወደ ሌላው እየተሸጠ 8 ጌቶች ገዙት፡፡ በመጨረሻ ምጽዋ ደረሰ፡፡ በዚያም እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1870 ዓመት ሙንሲንገር የሚባል የስዊስ አገር ሰው ነጻ አወጣውና በምንኩሉ ላሉት ለስዊድን ሚሲዮን መምህራን ሰጠው፡፡

ልጁም ለትምህርት እጅግ ይተጋ ነበር፡፡ በ1872 ዓመት በትንሣኤ በዓል ተጠመቀ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት በሚገኘው ባሪያ ስም አናሲሞስ ተባለ፡፡ ከዚያም ወደ ስዊድን ተልኮ 5 ዓመት ተማረ፡፡ ወደ ምጽዋም ተመልሶ ምሕረት ኃይሉን አገባ፡፡

ምኞቱ ወደ ወገኖቹ ሄዶ ማስተማር ነበር፤ መንገዱ ግን እንቢ አለው፡፡ አስቀድሞ ከጓደኞቹ ጋር በሱዳን በኩል ሞከረ፤ ወለጋ ሳይደርሱ ተመለሱ፤ በመንገድም የጉዞው መሪ ሞተ፡፡ በ1886 ዓመት ደግሞ እስከ እንጦጦ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ማለፍ ስላልተፈቀደለት እንደ ገና ተመለሰ፡፡

ምንኩሉ በባሕር አጠገብ ያለ ሞቃት ስፍራ ነው፤ ከወለጋም እጅግ ይርቃል፡፡ አናሲሞስ ግን መንገዱ እስኪከፈት ድረስ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፡፡ በዲጋና በነቀምቴ እናት ልጅዋን በምታባብልበት ቋንቋ መጻሕፍትን ይተረጕም ጀመር፡፡ በዚህም ሥራ አንድ ጭንቅ ነገር አገኘው፡፡ በልጅነቱ ከአገሩ ስለ ተወሰደ የእናቱን ቋንቋ ጠንቅቆ አያውቅም ነበር፤ በስዊድን የተማረውም ትምህርት ይህን ጕድለት አይሞላም፡፡ ብዙ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ጕድለቱን መሸሸግ ይወዳል፡፡ እርሱ ግን አልሸሸገም፡፡

በምንኩሉ አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ነበረች፤ እርስዋም ከባርነት የወጣች ነበረች፡፡ የኦሮሞን ቋንቋ ከእርሱ ይልቅ አጥርታ ታውቅ ነበር፡፡ አናሲሞስ መምህር ሲሆን ከተማሪይቱ መማርን አላፈረም፤ የቃላትን መዝገብ እንድታዘጋጅ ሥራውን ለእርስዋ ሰጠ፡፡ እርስዋም ቃላቱን ሰበሰበች፤ ደግሞም በልጅነትዋ የሰማቻቸውን 500 የሚያህሉ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች እያስታወሰች ጻፈች፡፡ በ1893 ዓመት ሐዲስ ኪዳን በኦሮሞ ቋንቋ በምንኩሉ ታተመ፡፡ በማግሥቱ ዓመት ለጀማሪዎች የሚሆን የንባብ መጽሐፍ ወጣ፤ አስቴር ከጻፈቻቸውም ብዙዎቹ በዚያ ይገኛሉ፡፡ ስለ መጽሐፍ ቅዱሱ ትርጕም ሰዎች ለብዙ ዘመን ያነሡ የነበረው የአናሲሞስን ስም ብቻ ነው፤ የአስቴር ድካም ግን ሳይነሣ መቅረት አልነበረበትም፡፡

የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም በሙሉ በተፈጸመ ጊዜ አናሲሞስ ጽሑፉን ለአታሚዎች ሰጥቶ አላረፈም፡፡ በ1898 ዓመት ወደ ስዊስ አገር ተሻግሮ የፊደሉን ለቀማ ተቈጣጠረ፤ የእርማቱንም ሥራ ራሱ ተመለከተ፡፡ ያን ቋንቋ በግዕዝ ፊደል የሚያነብ አራሚ በዚያ አገር ከወዴት ይገኛል? መጽሐፉም በ1899 ዓመት ታተመ፡፡

በ1904 ዓመት መንገዱ ተከፈተና አናሲሞስ ከጓደኞቹ ጋር ወለጋ ገባ፤ የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበለው፡፡ ነገር ግን ሁለት ዓመት ያህል ቈይቶ በስብከቱ ተከሰሰና በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርቦ ከነቀምቴ እንዲወጣ ተፈረደበት፡፡ ዐፄ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለውጠው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስና እንዳይሰብክ አዘዙ፡፡ እርሱም ትእዛዙን ተቀብሎ በትምህርት ቤት ልጆችን ያስተምር ነበር፡፡ በ1916 ዓመት ልጅ ኢያሱ ሃይማኖቱን እንዲያስተምር ፈቀዱለት፡፡

ከዚያም በኋላ 15 ዓመት ያህል በነቀምቴ እያስተማረና የተረጐማቸውን መጻሕፍት ለሕዝቡ እያደለ ኖረ፡፡ በ1931 ዓመት ሰኔ 21 ቀን በዚያው በወለጋ ምድር ዐረፈ፡፡