ተማሪዎችን እጅ ያስታጠበው ሐኪም

የሕክምና ትምህርት የሚማር ሰው የሰውን ገላ ጠንቅቆ ለማወቅ ሬሳ መመርመር ግድ ይሆንበታል። ዛሬ ታሪኩን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ ዶክተር ኢግናዝ ዜመልቫይስ ይኸው ትምህርት ራሱ ሰው ይገድል እንደ ነበረ የደረሰበት ሊቅ ነው።

ዜመልቫይስ በ1818 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ዛሬ ቡዳፔስት በሚባለው የሃንጋሪ ከተማ ከነጋዴ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ1837 ሕግ ሊማር ወደ ቪየና ሄደ፤ ነገር ግን ብዙም ሳይቈይ ወደ ሕክምና ዞረና በ1844 ዶክተር ሆነ። በ1846 በቪየናው ትልቅ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ረዳት ሆኖ ተሾመ።

ሆስፒታሉ ሁለት ማዋለጃ ክፍሎች ነበሩት። በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፥ በሁለተኛው አዋላጅ ሴቶች ይማሩ ነበር። በዚያው በ1846 በአንደኛው ክፍል ከወለዱት 4,010 እናቶች 459 ሲሞቱ፥ በሁለተኛው ከ3,754 የሞቱት 105 ብቻ ነበሩ። ገዳዩ የአራስ ትኩሳት ነው። ድሆቹ ሴቶች ይህን ስለሚያውቁ ወደ አንደኛው ክፍል እንዳይመሯቸው እያለቀሱ ይለምኑ ነበር። ሊቃውንቱ በአየሩ አመካኙ፤ የሁለቱ ክፍሎች አየር ግን አንድ ነው። ለሟቾች ጸሎት ሊያደርስ የሚመጣው ቄስ ደወል ያስደነግጣቸው ይሆናል ተብሎ የቄሱ መንገድ እንኳ ተለወጠ፤ ሞቱ ግን አልቀነሰም።

በ1847 ወዳጁ ፕሮፌሰር ኮሌችካ በሬሳ ምርመራ ላይ ሳለ የአንድ ተማሪ ቢላዋ ጣቱን ወጋውና በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተ። ዜመልቫይስ የምርመራውን ጽሑፍ ቢያነብ የወዳጁ ሕመም ከአራሶቹ ሕመም ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠለት። ተማሪዎቹ ከሬሳ ክፍል ወጥተው በዚያው እጃቸው የሚወልዱትን ሴቶች ይመረምራሉ፤ አዋላጆቹ ግን ሬሳ አይነኩም። ሬሳ በመመርመር ይተጋ የነበረው ደግሞ እርሱ ራሱ ነው። በገዛ እጁ ስንቱን እንዳጠፋ አልሸሸገም፤ እኛም ከሥራው ሁሉ አብልጠን የምናደንቅለት ይህን ነው።

ሳሙና የሬሳውን ሽታ ከእጅ አያስለቅቅም ነበርና፥ በግንቦት ተማሪዎቹ ሁሉ ክሎሪን ባለበት የኖራ ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። ከዚያ በፊት ባለው ወር ከመቶ 18 የነበረው ሞት በ1848 ከመቶ ወደ አንድ ገደማ ወረደ። በአገራችን ማዕድ ሲቀርብ እጅ ማስታጠብ የቈየ ልማድ ነው፤ ብዙዎቹ የቪየና ሊቃውንት ግን ታጠቡ መባሉን እንደ ስድብ ቈጠሩት።

በ1849 ሹመቱ ሳይታደስለት ቀረ። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1855 በፔስት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። የእርሱም ጥፋት አለበት ማለት ይገባናል፤ ማስረጃው በእጁ ሳለ መጽሐፉን እስከ 1861 ድረስ አላሳተመም። የተቃወሙትንም በአደባባይ ደብዳቤ ነፍሰ ገዳዮች እያለ ዘለፈ፤ ይህም ጠላት አበዛበት እንጂ የረዳው ነገር የለም።

በ1865 አእምሮው ስለ ታወከ አታልለው በቪየና ወደሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ቤት አስገቡት፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቈይቶ በ47 ዓመቱ ቁስል አመርቅዞበት ሞተ። ሬሳውም የተመረመረው ቀድሞ በሠራበት በቪየናው ሆስፒታል ነው። ፓስተር የአራስ ትኩሳትን ተሕዋስያን በ1879 አሳየ። የቡዳፔስት የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ከ1969 ጀምሮ በዜመልቫይስ ስም ይጠራል።